ከአባያ ዳር እስከ ሶዶ፦ የከባድ መኪናን የጭስ ሙቀት እንዴት እንከታተል

ከአርባ ምንጭ ሙዝ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሹፌር ምዕራብ አባያን እስኪያልፍ ድረስ ሞተሩ ብዙ አይጨነቅም። ሐይቁ በስተቀኙ ነው፤ መንገዱም በአብዛኛው ለጥ ያለ ነው። ጭንቁ የሚጀምረው ሁምቦ ሲደርስ ነው። የአባያ ዳርቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ሲገኝ ወላይታ ሶዶ ደግሞ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ከ2,000 ሜትር በላይ ተቀምጣለች። በጠቅላላው 40 ቶን የሚመዝን መኪና ይህን 800 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ብቻ፣ የጎማውን ሰበቃና የንፋሱን ግፊት ሳንቆጥር፣ ከ20 ሊትር በላይ ናፍጣ ያቃጥላል። ከዚያ ነዳጅ ከሚገኘው ሙቀት ሲሦው ገደማ በማርሚታው በኩል ይወጣል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ ሲሦ ነው፤ በምን እንደሚለካ፣ ሲለካ ምን እንደሚነግረን፣ ሲነግረን ምን ማድረግ እንዳለብን።

በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሙቀት ጌጅ የሚያሳየው የውሃውን ሙቀት ነው። ውሃውና ብረቱ ከባድ ስለሆኑ ለመሞቅ ደቂቃዎች ይፈልጋሉ። ከሲሊንደሩ የሚወጣው ጭስ ግን ነዳጅ መርገጫው ላይ ያለው እግር ገና ሲጫን፣ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ፣ ሙቀቱን ይለውጣል። አንድ ጊዜ ዳገቱን ጨርሶ ሶዶ መግቢያ ላይ የቆመ መኪና አይቻለሁ። የውሃው መርፌ መሃል ላይ ነበር፤ ራዲያተሩ ሙሉ፣ ዘይቱም ልኩን የያዘ። ሹፌሩ ሞተሩ ጉልበት አጥቶ በዘይት መሙያው ክዳን በኩል ጭስ መትፋት እንደጀመረ ብቻ ነበር የሚያውቀው። ቴስታታው ሲወርድ የአምስተኛው ሲሊንደር ፒስተን ጫፉ ቀልጦ እንደ ሻማ ወርዶ ተገኘ። ያ ሰው ጥንቁቅ ሹፌር ነበር፤ የሚመለከተው ጌጅ ግን ስለሌላ ነገር ነበር የሚነግረው። ይህን የምጽፈው ያን ፒስተን በእጄ ከያዝኩ ወዲህ ጉዳዩን ቀላል አድርጌ ማየት ስላልቻልኩ ነው።

ነገሩ ከአየርና ከናፍጣ ሒሳብ ይጀምራል። አንድ ኪሎ ናፍጣ ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14 ኪሎ ተኩል ገደማ አየር ይፈልጋል። የናፍጣ ሞተር ጤነኛ ሆኖ ሲሠራ ሁልጊዜ ከዚህ የበለጠ አየር ይገባለታል፤ ትርፉ አየርም እሳቱን ያቀዘቅዘዋል። አየሩ ባለበት ሆኖ ነዳጁ ሲጨመር፣ ወይም ነዳጁ ባለበት ሆኖ አየሩ ሲያንስ፣ ጭሱ ይግላል። ሶዶ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር ይህን ጉድለት በከፊል ያካክሳል፤ ቱርቦ የሌላቸው የቀድሞ አይሱዙዎች ግን ጉድለቱን እንዳለ ይቀበላሉ። ስለዚህ በቆላ ተስተካክሎ የመጣ ፓምፕ ደጋ ሲወጣ፣ ማንም ሳይነካው፣ ለአየሩ የበዛ ነዳጅ የሚሰጥ ፓምፕ ይሆናል።

ምን ይገዛሉ

የሚያስፈልግዎ ቴርሞካፕል የሚባል መለኪያና የእሱን ንባብ የሚያሳይ ጌጅ ነው። ቴርሞካፕል ሁለት የተለያዩ ብረቶች ጫፍ ለጫፍ የተያያዙበት ሽቦ ነው። መገናኛው ሲግል በሌላው ጫፍ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቶማስ ዜቤክ ይህን ጠባይ ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1821 ነበር። ለጭስ የሚሆነው «ኬ ዓይነት» የሚባለው ነው፤ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ስለሚችል ለኛ ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

ከመክፈልዎ በፊት ሻጩን ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ ጌጁ 24 ቮልት ይችላል ወይ? ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ለትንንሽ መኪና በ12 ቮልት የተሠሩ ናቸው፤ ሲኖትራክም ሆነ ትራከር ላይ በቀጥታ ቢሰኩት ወዲያው ይቃጠላል። ሁለተኛ፣ የሚያሳየው በሴንቲ ግሬድ ነው ወይስ በፋራናይት? አንዳንዱ በፋራናይት ብቻ ያነባል። 1,300 የሚል ቁጥር ያየ ሹፌር ደንግጦ ዳገት ላይ እንዳይቆም ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ 1,300 ፋራናይት 704 ሴንቲ ግሬድ ነው። ማስጠንቀቂያ ደወል ያለው ከሆነ ደግሞ በጣም ይሻላል፤ ዳገት ላይ ዓይን የሚያስፈልገው ለመንገዱ ነውና።

የት ይተከል

ሁለት ቦታ አለ፤ ከቱርቦው በፊት ወይም ከቱርቦው በኋላ። ከቱርቦው በፊት፣ ማለትም ጭስ ሰብሳቢው ማኒፎልድ ላይ፣ ቢተከል ፒስተኑና ቫልቩ የሚያገኙትን ሙቀት በቅርበት ያሳያል። ከቱርቦው በኋላ ያለው ጭስ ግን ቱርቦውን ለማዞር ጉልበቱን ስለከፈለ ቀዝቅዞ ይወጣል። ልዩነቱ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ አይደለም፤ ሞተሩ በሥራ ፈት ሲዞር ትንሽ ነው፤ ሙሉ ጭነት ዳገት ላይ ግን ከ100 እስከ 170 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ልዩነቱ የሚሰፋው ቁጥሩ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው ማለት ነው።

ስለዚህ የኔ ምክር ከቱርቦው በፊት ይሁን የሚል ነው። ከቱርቦው በኋላ መትከል የሚመርጡ ሰዎች የሚያነሡት ሥጋት እውነት ነው፤ የመለኪያው ጫፍ ዓመታት ቆይቶ ቢሰበር ስባሪው ቱርቦ ውስጥ ይገባል። መልሱ ግን ጥሩ፣ ሽፋኑ የማይዝግ ብረት የሆነ መለኪያ መግዛትና በየዓመቱ አውጥቶ ማየት ነው። እንደ ሲኖትራክ 371 ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ላይ ጭሱ ብዙ ጊዜ በሁለት ይከፈላል፤ ከ1 እስከ 3 ያሉት ሲሊንደሮች በአንድ መስመር፣ ከ4 እስከ 6 ያሉት በሌላ መስመር ወደ ቱርቦው ይደርሳሉ። መለኪያው አንድ ብቻ ከሆነ ከኋላዎቹ ሲሊንደሮች የሚመጣውን መስመር ይምረጡ፤ ቀዝቃዛው ውሃ መጀመሪያ የሚያገኘው የፊቶቹን ነውና። ቦታው ጭሱ ተሰብስቦ ወደ ቱርቦው ሊገባ ሲል ያለው አንገት ነው። አንድ ሲሊንደር አጠገብ ከተከሉት የዚያን ሲሊንደር ወሬ ብቻ ይሰማሉ።

ቱርቦ ለሌለው አይሱዙ ደግሞ ማኒፎልዱ ከማርሚታው ቱቦ ጋር ከሚገናኝበት አፍ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ብረቱ ወፈር ያለበት ላይ ይሁን።

መብሳት

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ባትሪው ይፈታ። ማኒፎልዱ ይውረድ። እዚህ ላይ ጋራዥ ውስጥ ክርክር ይነሣል፤ «ለአንዲት ቀዳዳ ማኒፎልድ አይወርድም፣ ሳይወርድ በግሪስ እንበሳዋለን» የሚል ባለሙያ አይጠፋም። ግሪሱ የብረት ፍቅፋቂውን አብዛኛውን ይይዛል፤ ሁሉን ግን አይይዝም። የቀረችው አንዲት ፍቅፋቂ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሊዞር የሚችል የቱርቦ ክንፍ ላይ ታርፋለች። ማኒፎልዱን ማውረድ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ አዲስ ጋስኬትም ይጠይቃል። ቱርቦ ከመግዛት ጋር ግን የሚወዳደር ወጪ አይደለም። አይቻለሁና አጥብቄ የምለው ነው፦ አውርደው ይብሱ።

ብዙዎቹ መለኪያዎች የሚገቡት አንድ ስምንተኛ ኢንች በሚባለው የቧንቧ ጥርስ ነው፤ ለእሱ 8 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ በሆነ መብሻ ይበሳና ጥርሱ በታፕ ይወጣል። የማኒፎልዱ ብረት በቅርጽ የፈሰሰ ስለሆነ ይሰባበራል፤ ታፑን ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ እያሉ በትዕግሥት ይሂዱ። ጥርሱ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚሄድ ስለሆነ ታፑን እስከ መጨረሻው አያስገቡት፤ ጉድጓዱ ይሰፋና መለኪያው ጭስ ያሾልካል። ማኒፎልዱን መልሰው ከማሰርዎ በፊት በአየር ግፊት ይንፉትና በማግኔት ይፈትሹት። የመለኪያው ጫፍ የጭሱ መንገድ መሃል ላይ መድረስ አለበት፤ ግድግዳው አጠገብ ከቀረ ከእውነተኛው ሙቀት ያነሰ ያነባል። ጥርሱን ሙቀት የሚችል ፀረ መጣበቅ ቅባት ይቀቡት፤ ካልሆነ ከሁለት ክረምት በኋላ ለማውጣት መሰርሰር ይሆናል ዕጣዎ።

ሽቦው

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሥራ የሚበላሸው። በ700 ዲግሪ ሙቀት ቴርሞካፕሉ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ 29 ሚሊ ቮልት ብቻ ነው። ይህን ለሚያህል ትንሽ ነገር የላላ መገናኛ፣ ዝገት ወይም የተሳሳተ ሽቦ በቂ ጠላት ነው። ሽቦው ካጠረ በተራ የመዳብ ሽቦ አይቀጥሉት፤ መቀጠያው ራሱ ሌላ ቴርሞካፕል ሆኖ ቁጥሩን ያዛባል። ለኬ ዓይነት የተሠራ ማስረዘሚያ ሽቦ አለ፤ እሱ ካልተገኘ ጌጁን ወደ ሞተሩ ያቅርቡት እንጂ ሽቦውን በሌላ አያስረዝሙት። ትርፍ ሽቦ ካለም አይቁረጡት፤ ጠቅልለው ከዳሽቦርዱ ጀርባ ይሰሩት።

ቀለሙም ያሳስታል። በአሜሪካ ደረጃ የተሠራ ከሆነ ቢጫው ፖዘቲቭ ሲሆን ቀዩ ኔጌቲቭ ነው። ዕድሜ ልኩን ቀይን ፖዘቲቭ ብሎ የለመደ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ገልብጦ ቢያስረው አይፈረድበትም። በአውሮፓ ደረጃ ከሆነ አረንጓዴው ፖዘቲቭ፣ ነጩ ኔጌቲቭ ነው። ተገልብጦ ከታሰረ ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ቁጥሩ ይወርዳል። የጌጁን ኃይል ደግሞ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ከሚበራ መስመር በራሱ ትንሽ ፊውዝ በኩል ይውሰዱ። ሽቦው ማኒፎልዱንና ቱርቦውን እንዳይነካ፣ ከናፍጣ ቱቦም ጋር አብሮ እንዳይታሰር ይጠንቀቁ።

ጌጁ እውነት ይናገራል ወይ?

መለኪያውን ማኒፎልዱ ላይ ከማሰርዎ በፊት ይህን ሙከራ ያድርጉ፤ ወጪው አንድ ጀበና ውሃ ነው። መጀመሪያ መለኪያውን አየር ላይ ይተዉት፤ የቀኑን ሙቀት፣ 20 ወይም 25፣ ማንበብ አለበት። ቀጥሎ ጫፉን በሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ያስገቡት። ሶዶ ላይ ሲፈላ 93 ገደማ ማንበብ አለበት። ትምህርት ቤት ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ተብለን የተማርነው ለባሕር ወለል ነው፤ ከፍ ባልን ቁጥር መፍያው ይወርዳል። አርባ ምንጭ ላይ ከሞከሩት 96 ገደማ ያገኛሉ። ሶዶ ላይ ልክ 100 ያነበበ ጌጅ ወደ 7 ዲግሪ አብዝቷል ማለት ነው። ለጭስ ልኬት 7 ዲግሪ አያስጨንቅም፤ 30 ወይም 40 ከሳተ ግን ለሻጩ ይመልሱት።

የራስዎ ቁጥር

ስንት ሲሆን ነው የሚያሰጋው? ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው፤ መልሱ ግን ብዙ ሰው እንደሚጠብቀው አንድ ቁጥር አይደለም። የሞተሩ አምራች ያስቀመጠው ገደብ ካለ ገደቡ እሱ ነው። ከሌለ፣ ከቱርቦ በፊት ለሚለካ የከባድ መኪና ሞተር በሥራ ፈት ከ100 እስከ 200፣ ሜዳ ላይ ጭኖ ሲሄድ ከ350 እስከ 450፣ ዳገት ላይ ከ550 እስከ 650 የተለመደ ነው። 700 ሲቃረብ እግርዎን ማላላት አለብዎት፤ ከ700 በላይ ለደቂቃዎች መቆየት ሞተሩን በቁሙ ማቃጠል ነው። ከቱርቦው በኋላ የተከለ ሰው ገደቡን ወደ 550 ያውርደው።

አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ፒስተን የሚሠራበት ቅይጥ ደግሞ ከ600 በታች መቅለጥ ይጀምራል። ታዲያ ጭሱ 650 ሲሆን ፒስተኑ ለምን አይቀልጥም? ከሥሩ ዘይት ስለሚረጭበት፣ በየዙሩም ቀዝቃዛ አየር ስለሚያገኘው ነው። ፒስተኑ የሚኖረው በዚህ መቀዝቀዝ ምሕረት ነው። ዘይት የሚረጨው ቀዳዳ በአሮጌ ዘይት ከተደፈነ 600 ራሱ ሊበዛበት ይችላል። አንድ ቁጥር ለሁሉም አይሠራም የምለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው የራስዎ መኪና፣ ጤነኛ በሆነበት ቀን፣ በራስዎ ዳገት ላይ የሚያሳየው ቁጥር ነው። አንድ ዳገት ይምረጡ። ከሁምቦ ወደ ሶዶ የሚወጣው ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል፤ ወደ ዳውሮ የሚመላለስ ሹፌር ከሆኑ ደግሞ ከኦሞ ሸለቆ በኪንዶ ኮይሻ በኩል የሚወጣው አለ፤ እሱ ከ1,000 ሜትር በታች ተነሥቶ ስለሚወጣ ይበልጥ ይፈትናል። አየር ፊልትሮው ንጹሕ ሆኖ፣ ሙሉ ጭነት ጭነው፣ በለመዱት ማርሽ ይውጡ። ረዳቱ ደብተር ይያዝ። በተመረጡ ሦስት ቦታዎች፣ ለምሳሌ አንድ ድልድይ፣ አንድ ጠመዝማዛ፣ አንድ የከተማ መግቢያ፣ የጭሱን ሙቀት፣ የሞተሩን ዙር፣ ማርሹንና የውሃውን ሙቀት ይጻፍ። ጭነቱ ስንት ኩንታል እንደሆነና ሰዓቱም ይመዝገብ፤ የጠዋትና የቀትር አየር አንድ አይደለም። ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ ሰሞን ሰንጋ ጭኖ የሚወጣ መኪናና ሲሚንቶ ጭኖ የሚወጣ መኪና ቁጥራቸው ስለሚለያይ ለየብቻ ይያዙ። ሦስት ጊዜ ተመላልሰው የሚቀራረብ ቁጥር ካገኙ የሞተርዎ ልክ እሱ ነው።

ዳገት ላይ

ቁጥሩ ወደ ገደቡ ሲጠጋ የመጀመሪያው እርምጃ እግርን በትንሹ ማንሣት ነው፤ አራት አምስት ሰከንድ ሳይሞላ ሲወርድ ያዩታል። ሁለተኛው ማርሽ መቀነስ ነው። ይህ ለብዙ ሹፌር ግራ ይሆናል፤ ዙር ሲጨምር ሞተሩ ይበልጥ የሚሞቅ ይመስላልና። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። በከባድ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣ ሞተር ቀስ ብሎ ስለሚዞር ቱርቦው አየር አይሰጠውም፤ ፓምፑ ግን በእያንዳንዱ ምት ሙሉ ነዳጅ ይረጫል። ማርሽ ሲቀንሱ ዙሩ ከፍ ይላል፣ ቱርቦው ይነቃል፣ አየሩ ይበዛል፣ በየምቱ የሚረጨው ነዳጅ ያንሳል። እንደ ሲኖትራክ 371 ባለ ሞተር ላይ ዳገትን ከ1,400 እስከ 1,800 ባለው ዙር መውጣት ለሞተሩም ለነዳጁም ይሻላል ብዬ አምናለሁ። የውሃ ፓምፑና ማራገቢያውም የሚዞሩት በሞተሩ ዙር ስለሆነ ማቀዝቀዣው ራሱ ይበረታል።

ቁጥሩ ከልማዱ ሲወጣ

ጌጁ ዋጋውን የሚከፍለው እዚህ ነው። በዚያው ዳገት፣ በዚያው ጭነት፣ ከደብተርዎ ቁጥር 50 ዲግሪ የዘለለ ቀን አንድ ነገር ተለውጧል። መኪናው ጉልበት አጥቶ እንደሆነ ደግሞ ጌጁ መንገዱን ለሁለት ይከፍልልዎታል።

ጉልበት አንሶ ሙቀቱ ከፍ ካለ የጎደለው አየር ነው። ርካሹን ያስቀድሙ። አየር ፊልትሮውን ያውጡ፤ በበጋ በአቧራ መንገድ የተመላለሰ መኪና ፊልትሮ በሳምንታት ሊደፈን ይችላል። ቀጥሎ ከቱርቦው ወደ ኢንተርኩለሩ፣ ከኢንተርኩለሩም ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን ጎማ ቱቦዎችና የሚያስሯቸውን ፋሼታዎች ይፈትሹ፤ የሳሙና ውሃ ረጭተው ረዳቱ ዙር ሲሰጥ የሚፈላ አረፋ ካዩ ሽንቁሩ እዚያ ነው። የጭስ ፍሬኑ ምላስ ሳይከፈት ቀርቶ እንደሆነም ይዩ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቱርቦው የሚኬደው።

ጉልበት አንሶ ሙቀቱም ዝቅ ካለ የጎደለው ናፍጣ ነው። የናፍጣ ፊልትሮ፣ የታንከሩ ወንፊት፣ አየር የሚስብ ቱቦ። በበርሜል የተገዛ ናፍጣ ያስቀዳ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ይህን ነው። ይህን መለያየት ያላወቀ ጋራዥ ቱርቦ አውርዶ ሲያበቃ ችግሩ የናፍጣ ፊልትሮ ሆኖ ይገኛል፤ የአንድ ሳምንት ሥራና ገቢ በዚህ ይጠፋል።

ጉልበቱ ደህና ሆኖ፣ እንዲያውም ጨምሮ፣ ሙቀቱ ከፍ ካለ ደግሞ አንድ ሰው ፓምፑን ነክቶታል። ፓምፕ አስከፍቶ ነዳጅ ማስጨመር በኛ አገር የተለመደ ነው፤ መኪናው ዳገቱን ሲበርር ሹፌሩም ባለቤቱም ደስ ይላቸዋል። ያ ደስታ የሚከፈለው በፒስተን ነው። የተከፈተ ፓምፕ ያለው መኪና ጥቁር ጭስ እየተፋ ወደ ሶዶ ሲወጣ ሳይ ሁልጊዜ ልቤ ይደነግጣል። የፓምፕ ባለሙያው ወደ ልኩ ይመልሰው፤ የኢንጀክተሮቹን አረጫጭ አብሮ ይፈትሽ፤ የመርጫ ሰዓቱ ዘግይቶ ከሆነም ነዳጁ ጭስ ሆኖ እየወጣ ስለሚነድ ሙቀቱን ከፍ ያደርገዋል።

አንድ ጌጅ መለኪያው በተተከለበት መስመር ያሉትን ሲሊንደሮች አማካይ ብቻ ስለሚነግር የአንዱን ሲሊንደር ሕመም ሊደብቅ ይችላል። ለዚህ በርቀት የሚለካውን፣ በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ ሲደገን የነበረውን ዓይነት፣ ለኢንዱስትሪ የሚሆነውን የኢንፍራሬድ መለኪያ መግዛት ይጠቅማል። የግንባሩ ራሱ አይሆንም፤ ከ43 ዲግሪ በላይ እምብዛም አያነብም። ሞተሩ ሞቆ በሥራ ፈት ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር ከማኒፎልዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ከእኩል ርቀት፣ ተራ በተራ ይለኩ። የሚያገኙት የብረቱን ገጽ ሙቀት ስለሆነ ከጭሱ ያነሰ ነው፤ የሚፈልጉት ግን ማወዳደሩን ነው። አምስቱ ተቀራርበው አንዱ ጎልቶ ከወረደ ያ ሲሊንደር ወይ ኢንጀክተሩ አይረጭም ወይ መጭመቁ ደክሟል። አንዱ ጎልቶ ከወጣ ኢንጀክተሩ ያንጠባጥባል፤ እሱ ነው ለመቅለጥ ተራ የያዘው።

ሶዶ ሲደርሱ

ዳገቱን ጨርሰው ምሳ ለመብላት ሲቆሙ ሞተሩን ወዲያው አያጥፉ። ቱርቦው ገና እንደ ፍም ነው፤ የሚያቀዘቅዘውና የሚያለሰልሰው ዘይት ግን ሞተሩ በጠፋ ቅጽበት ይቆማል። እዚያው ዘንጉ ላይ የቀረው ዘይት ነዶ ከሰል ይሆናል፤ ከሰሉም ቀን በቀን ዘንጉን ይበላል። ብዙ ሹፌር ሦስት ወይም አምስት ደቂቃ ማዞር እንዳለበት ሰምቷል። ጌጅ ካለዎት ግን ደቂቃ መቁጠር አያስፈልግም፤ ቁጥሩ ከ200 በታች ሲወርድ ያጥፉ። ከተማ ውስጥ ቀስ ብለው ገብተው ከሆነ በአንድ ደቂቃ ይወርዳል፤ ዳገቱ አናት ላይ ከቆሙ ይዘገያል።

ማናቸውም ጥገና ከተደረገ በኋላ፣ ፊልትሮ ቢሆን፣ ኢንጀክተር ቢሆን፣ ቱርቦ ቢሆን፣ በዚያው ዳገት በሚቀራረብ ጭነት ይውጡና ረዳቱ እነዚያን ሦስት ቦታዎች እንደገና ይጻፍ። ቁጥሩ ወደ ቀድሞው ካልተመለሰ ሥራው አላለቀም፤ ደብተሩን ይዘው ወደ ባለሙያው ይመለሱ፤ ቁጥር ይዞ ከሚመጣ ሹፌር ጋር መነጋገር ለባለሙያውም ይቀለዋል። መኪናው ሹፌር ሲቀይር ደግሞ ደብተሩ ከቁልፉና ከሊብሬው ጋር አብሮ ለአዲሱ ሹፌር ይሰጥ።